የቆየ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ይቀየር ወይስ ይቅር? ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ

አርባ ምንጭ ውስጥ ሲቀላም ሆነ ሴቻ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ደጃፍ ላይ በብዛት የሚሰማው ቅሬታ አንድ ነው፤ ላፕቶፑ ይንቀራፈፋል፣ ፋይል ሲከፈት ስታክ ያደርጋል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ፎርማት ነው። ፎርማቱ ለጥቂት ሳምንታት አገልግሎ ችግሩ ሲመለስ ሌላ ጥያቄ ይከተላል፤ “ፕሮሰሰሩን ወደ ኮር አይ ሰቨን መቀየር አይቻልም ወይ?”

ጥያቄው ከኑሮ የመጣ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። ላፕቶፑም መለዋወጫውም በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ነውና የመምህሩና የወረዳ ሠራተኛው ደመወዝ ሊደርስበት አልቻለም። አዲስ መግዛት የራቀው ሰው በእጁ ያለውን ለማሻሻል ማሰቡ ተገቢ ነው። ያቺ በጭንቅ የተጠራቀመች ገንዘብ ፕሮሰሰር ላይ ትዋል ወይ ከተባልኩ ግን ለአብዛኛው ሰው መልሴ “አትዋል” ነው። ምክንያቱ እንደ ማሽኑ፣ እንደ ሥራውና እንደ አየሩ ጠባይ ይለያያል። “ትዋል” የምለው ሰውም አለ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አስቀድሞ መታየት ያለበት ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘበት መንገድ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ፕሮሰሰር ተነቅሎ ሌላ ይተከላል። ላፕቶፕ ላይ ይህ የሚሆነው በአንድ ዘመን ለተሠሩ ማሽኖች ብቻ ነው። በኮር ቱ ዱዎ ጊዜ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ2009 መጨረሻ እስከ 2014 በወጡት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ ፕሮሰሰሮች ጊዜ፣ ብዙ ላፕቶፖች መቀመጫ ነበራቸው፤ ፕሮሰሰሩ በጥቃቅን እግሮቹ ይገባና በአንዲት ብሎን ይጠብቃል። ከ5ኛው ጄኔሬሽን ጀምሮ ግን ኢንቴል ለላፕቶፕ የሚነቀል ፕሮሰሰር መሥራት አቆመ። ማሽኑ እንዲቀጥንና ባትሪ እንዲቆጥብ ሲባል ሁሉም ማዘርቦርዱ ላይ ተበየደ። ኤኤምዲም በዚያው ሰሞን ወደ ብየዳው ዞረ።

የፕሮሰሰሩ ስም መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ፍንጭ ይሰጣል። እንደ ኮር አይ ፋይቭ 4300ዩ “ዩ” የሚል ካለበት የተበየደ ነው፤ “ኤችኪው” የሚለውም እንዲሁ። “ኤም”፣ “ኪውኤም” ወይም “ኤምኪው” ካለ የመነቀል ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሳይከፍቱ መማል ግን አይቻልም፤ አንዳንዱ በሁለቱም መልክ ተሠርቷልና። ዴል ላቲቲዩድ ኢ6430፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ430 እና ኤችፒ ኤሊትቡክ 8470ፒ የሚነቀለው ወገን ናቸው። ከእነሱ በኋላ የመጣውና ዛሬ በየቢሮው የሚታየው ቀጭኑ ኤሊትቡክ 840 ከመጀመሪያው ሞዴል አንስቶ የተበየደ ነው። ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኖ “ፓኬጅ” የሚለውን መስመር ማንበብ ነገሩን ይበልጥ ያጠራል፤ ቢጂኤ የሚል ከተጻፈበት ተበይዷል ማለት ነው። የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር “ሶኬትስ 1” ማለቱ ግን ሰውን ያሳስታል። እሱ የሚቆጥረው ማሽኑ ላይ ስንት ፕሮሰሰር እንዳለ እንጂ ይነቀል አይነቀል አይደለም።

የሚነቀል ሆኖም ያገኘነው ሁሉ አይገባበትም። የ2ኛና የ3ኛ ጄኔሬሽን ፕሮሰሰሮች እግራቸው አንድ መቀመጫ ላይ ይገጥማል፤ ቢሆንም የ2ኛ ጄኔሬሽን ማሽን 3ኛውን ተቀብሎ የሚነሳው ባዮሱ (ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ካወቀው ነው። የ4ኛው መቀመጫ ደግሞ ሌላ ነው። እንግዲህ 5ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ላፕቶፕ ለያዘ ሰው ጥያቄው እዚህ ላይ ተዘጋ። የተበየደውን በሙቀት አንስቶ ሌላ መበየድ ዓለም ላይ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ልዩ መሣሪያና የለመደ እጅ ይፈልጋል፤ ሳይሳካ ቢቀር ማዘርቦርዱ ራሱ ይሄዳል። ለአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይህን አደጋ መውሰድ ትርፉ አይታየኝም።

ያዘገየው ማን ነው?

የሚነቀል ማሽን የያዘውም ቢሆን ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ጥፋተኛውን ይለይ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ መጫን ታስክ ማናጀርን ይከፍታል። ላፕቶፑ ስታክ ባደረገበት ቅጽበት ዓምዶቹን ማየት ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ይህ ነው፤ ዲስክ 100 ከመቶ ቀይ ሆኗል፣ ሜሞሪ 90 አልፏል፣ ሲፒዩ ግን 20 እንኳ አልሞላም። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ማግ የሚያጠነጥንለት ሰው የዘገየበት የዶርዜ ሸማኔ እጁ ምንም ቢፈጥን ጋቢው ቶሎ አይወርድም፤ ሸማኔውን መለወጥም ለውጥ አያመጣም።

የድሮ ላፕቶፖች ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ነው። በተከታታይ ሲያነብ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ይሰጣል፤ ሳህን የሌለው ኤስኤስዲ ደግሞ በሳታ መስመር ከ500 በላይ ይሰጣል። ዋናው ልዩነት ግን እዚህ አይደለም። ዊንዶውስ ሲነሳና ፕሮግራም ሲከፈት የሚጠየቀው አንድ ትልቅ ፋይል ሳይሆን የተበታተኑ ሺህ ትንንሽ ፋይሎች ነው። ሃርድ ዲስክ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሴኮንድ መቶ ያህል ይመልሳል፤ ኤስኤስዲ አሥር ሺዎችን ይመልሳል። ዳግም ነፍስ ዘርቶ የተነሳ የሚመስል አሮጌ ላፕቶፕ ካያችሁ ምስጢሩ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

ራም ቀጥሎ ይመጣል። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ላይ ክሮም፣ ቴሌግራምና ዎርድ አብረው ሲከፈቱ ቦታው ይሞላና ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ያሻግራል። ስለዚህ የራም እጥረት ራሱ የዲስክ ችግር መስሎ ይታያል። 8 ጊጋባይት ለቢሮና ለትምህርት ሥራ በቂ ነው፤ በአንድ ፋንታ ሁለት ራም መሰካት ደግሞ ፍጥነት ይጨምራል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ዲዲአር ስሪ የሚባለው ራም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በ1.5 ቮልት፣ “ኤል” የተጨመረበት ሌላው በ1.35 ቮልት ይሠራል። የ4ኛ ጄኔሬሽን “ዩ” ማሽኖችና ከዚያ ወዲህ በዲዲአር ስሪ የሚሠሩት ሁለተኛውን ብቻ ይፈልጋሉ። ራሙ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሳያነቡ መግዛት ከሱቅ ወደ ሱቅ መመላለስ ያመጣል።

ኤስኤስዲን እዚህ አካባቢ የበለጠ የምወድበት ምክንያት ከፍጥነቱም ያልፋል። ላፕቶፑ በባጃጅ ከሴቻ ሲቀላ ሲንገጫገጭ ይውላል፣ ከጨንቻ ወይም ከገረሴ በጭነት መኪና ጋቢና ይወርዳል። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ክንድ አለ፤ ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። የመብራት ነገርም አለ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መብራት በጠፋ ቁጥር እየጻፈ ባለበት ድርግም ይላል፤ ፋይል የሚበላሸውም ዊንዶውስ የሚናጋውም ያኔ ነው። ስለዚህ ባትሪም ከፕሮሰሰር ይቀድማል እላለሁ።

ቆላና ደጋ

ስለ ፕሮሰሰር መቀየር የሚጻፈው ምክር አብዛኛው የተጻፈው ክፍል ውስጥ 20 ዲግሪ ለሚሞቅበት አገር ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ላይ፣ በአባያና በጫሞ አጠገብ ተቀምጣ፣ በየካቲትና በመጋቢት ቀትር ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። በክፍሉ ሙቀት ላይ የተጨመረው እያንዳንዱ ዲግሪ ፕሮሰሰሩም ላይ ያው አንድ ዲግሪ ሆኖ ይጨመራል። ፕሮሰሰሩ እንደ ሞዴሉ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አሥር ዓመት ያለፈው ላፕቶፕ ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኗል፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ስለዚህ ቀትር ላይ የሚሠራው በሙሉ አቅሙ አይደለም።

ማረጋገጫው ገንዘብ አያስወጣም። አንድ ዓይነት ሥራ፣ ለምሳሌ አንድ ቪዲዮ መቀየር ወይም አንድ የስሌት ሞዴል ማስኬድ፣ በማለዳ አንድ ጊዜ፣ በስምንት ሰዓት አንድ ጊዜ ሰዓት ይዞ መሥራት ነው። ጠዋት ፈጥኖ ከሰዓት ከዘገየ ችግሩ ሙቀት ነው። አዲስ ፕሮሰሰር አያድነውም፤ ያባብስበታልም። ሁለት ኮር ያለው ባለ 35 ዋት ፕሮሰሰር ለተሠራለት ማቀዝቀዣ አራት ኮር ያለውን ባለ 45 ዋት ሲሰጡት፣ ደንበኛው የከፈለበት ፍጥነት ለጥቂት ደቂቃ ታይቶ ይጠፋል። ማራገቢያውን ማጽዳትና ፔስቱን መቀየር በጥገና ቤት ቀላሉ ሥራ ነው፤ አርባ ምንጭ ላይ ደግሞ ከማንኛውም ማሻሻያ በፊት መሠራት ያለበት ነው።

2,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ያላት ጨንቻ ላይ ነገሩ ይለወጣል። አየሩ ሳሳ ስለሚል ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያልፈው አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል፤ ብርዱ ግን ከዚያ በላይ ያካክሰዋል። አርባ ምንጭ ላይ የሚንቀራፈፍ ላፕቶፕ ጨንቻ ወጥቶ ደህና ከሠራ መድኃኒቱ ታውቋል። ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት ግን ቆላም ደጋም አንድ ነው፤ የአየር መግቢያውን ይደፍናል።

የውሃው ልጆች

እስካሁን ያልኩት ለመምህሩ፣ ለወረዳ ጽሕፈት ቤቱ፣ ለፎቶ ኮፒ ቤቱና ስታትስቲክስ በኤስፒኤስኤስ ለሚሠራ ተማሪ ይበቃል። ለእነዚህ ፕሮሰሰር ማነቆ አይደለም። አርባ ምንጭ ላይ ግን ፕሮሰሰርን በእውነት የሚያስጨንቅ ሥራ የሚሠራ ሰው ከሌላ ከተማ በዛ ይላል። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1986 የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ጀምሮ በ2004 ወደ ዩኒቨርሲቲ ያደገ ነው፤ የውሃ ምህንድስና እስከ ዛሬ መለያው ነው። አባያ ቀላ ያለ ቡናማ መልክ የያዘው ከደጋው ታጥቦ የሚገባው አፈር ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቆይ ነው። ከየት ቦታ ስንት ቶን አፈር እንደሚታጠብ፣ ኩልፎ ወንዝ በጎርፍ ጊዜ እስከ የት እንደሚወጣ ለማወቅ ተማሪው ስዋት፣ ሄክ-ኤችኤምኤስ፣ ሄክ-ራስና አርክጂአይኤስ የሚባሉ ፕሮግራሞችን ላፕቶፑ ላይ ይጭናል። የብዙ ዓመት የዕለት ዝናብ ያስገባና ሞዴሉ ከተለካው የወንዝ ፍሰት ጋር እስኪቀራረብ መቶዎች ጊዜ ያስኬደዋል። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ያደረ ላፕቶፕ እዚህ አዲስ ነገር አይደለም።

ለዚህ ተማሪ ፕሮሰሰር መቀየር ይጠቅመዋል? እንደ ፕሮግራሙ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ለረጅም ዓመት ያገለገለው የአርክጂአይኤስ ክፍል፣ አርክማፕ፣ አብዛኛውን ሥራ በአንድ ኮር ብቻ የሚሠራ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ነው። ስዋትም አንዱን ዙር በአንድ ኮር ያስኬዳል፤ ከዚያ በላይ ግዙፍ የጽሑፍ ፋይሎችን ዲስክ ላይ ሲጽፍ ይቆያል፤ ስለዚህ ለስዋት እንኳ ኤስኤስዲ ቀድሞ ይመጣል። ሄክ-ራስ በሁለት አቅጣጫ የጎርፍ ስሌት ሲሠራ ግን ያሉትን ኮሮች ሁሉ ያሠራል። አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኢ6430 ላይ በብዛት የሚገኘው ኮር አይ ፋይቭ 3320ኤም ሁለት ኮር አለው፤ ፍጥነቱ እስከ 3.3 ጊጋኸርዝ ይወጣል። ከዚያው ጄኔሬሽን ያለው ኮር አይ ሰቨን 3632ኪውኤም በዚያው 35 ዋት አራት ኮር አለው፤ የአንዱ ኮር ጣሪያ ግን 3.2 ጊጋኸርዝ ነው። ሄክ-ራስ የሚሠራው ሰው ልዩነቱን በግልጽ ያያል። አርክማፕ የሚሠራው ገንዘብ ከፍሎ ምንም አያገኝም፤ ምናልባትም በጥቂቱ ይዘገያል። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብሩት ከሄክ-ራሱ ተማሪ ጋር የሚመደቡ ናቸው።

ዩቲዩብ ሲከፈት ማራገቢያው የሚጮህበት ሰው ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለው። ዩቲዩብ የሚልክበት ቪፒ9 የሚባለው ቪዲዮ በ2ኛና በ3ኛ ጄኔሬሽን ማሽኖች ላይ ለሥራው የተሠራ ክፍል ስለሌለው ፕሮሰሰሩ በጉልበቱ ይፈታዋል። የዚያ ዘመን ኮር አይ ሰቨንም ያው ክፍል የለውም። ብራውዘሩ ላይ ኤች264 ቪዲዮ ብቻ እንዲቀበል የሚያደርግ ነፃ ማሟያ መጫን ማሽኑን ያሳርፈዋል፤ ዋጋው ዳታ ትንሽ በዝቶ መብላቱ ነው።

ሌላ ማሽን መግዛት

ፕሮሰሰር ከመቀየር ይልቅ አሮጌውን ሽጦ፣ ጨምሮ ያገለገለ ላፕቶፕ መግዛት የብዙዎች ምርጫ ነው፤ በአቅጣጫው እስማማለሁ። የምጨነቀው በቴሌግራም ማስታወቂያ ላይ “ኮር አይ ሰቨን” የሚለው ጽሑፍ ሰውን ስለሚያታልል ነው። ኮር አይ ሰቨን 4600ዩ ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው። የ7ኛው ጄኔሬሽን ኮር አይ ሰቨን 7500ዩም ሁለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የ8ኛው ጄኔሬሽን ኮር አይ ፋይቭ 8250ዩ ግን አራት ኮር አለው፤ ኤሌክትሪክ የሚወስደውም በዚያው 15 ዋት ነው። በቀጫጭን ላፕቶፖች ታሪክ ትልቁ እመርታ በ7 እና በ8 መካከል ያለው ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ገዢ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አይ ፋይቭ ይሁን አይ ሰቨን ሳይሆን ጄኔሬሽኑን ነው።

8ኛው ጄኔሬሽን ሌላም ድንበር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን፣ ከጥቂት የተለዩ ሞዴሎች በቀር፣ ነው። ተነቅሎ የሚተከል የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ደግሞ 4ኛ ላይ ቆሟል። በየትኛውም የፕሮሰሰር ለውጥ አሮጌው ላፕቶፕ ያን ድንበር አይሻገርም። እንደ ሊኑክስ ሚንት ያለ ሥርዓት መጫን የድሮውን ማሽን ለጥቂት ዓመታት ከነደኅንነቱ ያቆየዋል፤ ኪውጂአይኤስና ሄክ-ኤችኤምኤስ ሊኑክስ ላይ ይሠራሉ። አርክጂአይኤስና በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የቢሮ ሰነድ ላይ የተመሠረተ ሥራ ግን ዊንዶውስን ይፈልጋል፤ ይህን አውቆ መወሰን ያሻል።

ይቀየር የምለው

እንግዲህ “ይቀየር” የምለው ሰው ይህ ነው፤ ላፕቶፑ ከ2ኛ እስከ 4ኛ ጄኔሬሽን ያለ የሚነቀል፣ ኤስኤስዲና 8 ጊጋባይት ራም ቀድሞ የገባለት፣ የጸዳና ፔስቱ የተቀየረ፣ ሥራው ኮሮቹን ሁሉ ለሰዓታት 100 ከመቶ የሚይዝ፣ ሌላ ማሽን ለመግዛት ግን አቅም የሌለው። ለዚህ ሰውም ቢሆን ፕሮሰሰሩ የሚገኝበት ቦታ ይወስነዋል። ጥገና ቤቱ ስክሪኑ የተሰበረ ወይም ማዘርቦርዱ የሞተ ላፕቶፕ ካለው ከእሱ የወጣ ፕሮሰሰር በርካሽ ይገኛል፤ ዓይን እያየ ተሞክሮም ይከፈልበታል። መርካቶ ታዞ ሲመጣ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ እንደሚሄዱበት መንገድ ከ430 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ባዮሱ አላውቀውም ያለውን ፕሮሰሰር መልሶ መላክ ከዋጋው ጋር የሚወዳደር ወጪና ልፋት ነው።

ጊዜውም ይታሰብ። መመረቂያ ጽሑፍ በሚሰጥበት በግንቦትና በሰኔ ላፕቶፕ መፍታት አያስፈልግም፤ የሚሠራ ማሽን የዘገየ ቢሆንም ይሻላል። ከመፈታቱ በፊት ፋይሉ ሌላ ቦታ ይገልበጥ፤ ባዮሱ ወደ መጨረሻው ዕትም ይታደስ፤ ይህም መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓትና ባትሪው ደህና ሆኖ ይሁን፤ መሃል ላይ ከጠፋ ማሽኑ ላይነሳ ይችላልና። ባለ 65 ዋት ቻርጀር አራት ኮር ያለውን ፕሮሰሰር ላይችል ስለሚችል ባለ 90 ዋቱ ይፈለግ። ከመቀየሩ በፊት የራስን ሞዴል አንድ ጊዜ ቀትር ላይ ሰዓት ይዞ ማስኬድ፣ ከተቀየረ በኋላ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ክፍል፣ ያንኑ ፋይል ደግሞ ማስኬድ ነው። የወጣውን አሮጌ ፕሮሰሰር ባለቤቱ ተቀብሎ ያስቀምጠው፤ ደቂቃው ካልቀነሰ ወይም ሙቀቱ 100 ላይ ተሰቅሎ ከቀረ በዚያው ቀን መልሶ ያስተክለዋል።